ለኮምፒዩተሩ የተከፈተ መስኮት

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ ለእረፍት ወደ ቤተሰብ መመለስ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል፤ ላልደረሰበት ልንገረው። ግቢ ውስጥ ስማችን «ፍሬሽ» ነው። የካፌውን በር ሁለት ሦስት ሰው ጠይቀን የምናገኝ፣ የትምህርት ክፍል ገና ያልመረጥን፣ ነባር ተማሪ ሲያልፍ መንገድ የምንለቅ ፍጥረቶች ነን። አውቶቡሱ ጣርማበር ላይ ወደ መንዝ ሲታጠፍ ግን ማዕረጋችን ከዳገቱ ጋር አብሮ መውጣት ይጀምራል። እኔ ሞላሌ ስደርስ ኢንጂነር ሆኜ ነበር።

የሾመችኝ እናቴ ናት። ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች የሚያወራ አንድ ኮርስ ወስጄ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ፤ ይህንንም ደስ ብሎኝ በስልክ ነግሬያታለሁ። ኮርሱ ውስጥ ያየሁት ኮምፒዩተር መምህሩ ከሩቅ ግድግዳ ላይ ያሳየን ሥዕል ብቻ ነው። እናቴ ግን ለጎረቤት ስታወራ «ልጄ ኮምፒዩተር ትሠራለች» አለች። «ትሠራለች» የሚለው ቃል እንደ ሰሚው ነው። ሰፈራችን የሰማው፣ ድንጋይ እንደሚጠረብ ኮምፒዩተር ከባዶ ጠርቤ እንደማወጣ ነው።

በመጣሁ በማግስቱ አንድ ራዲዮ መጣልኝ። ባትሪው ተገልብጦ ገብቶ ኖሯል፤ አስተካከልኩት፣ ጮኸ። ቀጥሎ ድምፁ የጠፋ ስልክ መጣ። የድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ውስጥ ሊጥ ደርቋል፤ በመርፌ ጠረግሁት፣ ጮኸ። በሦስተኛው ቀን እናቴ በር ላይ ቆማ ተራ ታስይዝ ጀመር። ሦስተኛው ሰው አንዲት ጆሮዋ የታመመ አህያ ይዞ ሲመጣ ግን እሷም ደነገጠች።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ በክብር ወደ ግቢዬ እመለስ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን የእድራችን ዳኛ አቶ ወንድይፍራው ከነበርኖሳቸው ቤታችን ገቡ። ዳኛው ቤት ድረስ የሚመጡት አንድም ሰው ሲሞት፣ አንድም ከባድ ነገር ሲኖር ነው። እናቴ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ እጇን አነሳች።

«ደህና ነው፣ ደህና ነው፤ የሞተ የለም» አሉ ዳኛው። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ኮምፒዩተር ትሠሪያለሽ አሉ።»

«ትንሽ ትንሽ ነው አባባ።»

«ትንሽ ትንሽ ይበቃል። የእኛም የታመመው ትንሽ ነው።»

የእኛ ያሉት እድር ቤት ያለውን ነው። እድር ቤታችን ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል የድንጋይ ቤት ነው። ከድንኳኑ ቋሚዎችና ከትልልቆቹ ድስቶች ጎን፣ ጥግ ላይ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። እኔ ሳልወለድ በፊት በአካባቢው የአፈር ጥበቃ ሥራ ይሠራ የነበረ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የተወው ነው። ነጭ ነበር አሉ፤ እኔ ሳውቀው መልኩ የቆየ ቅቤ ነው። ጀርባው እንደ ጎተራ ወደ ኋላ የወጣ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሳው ሳይሆን ሁለት ሰው የሚሸከመው ዓይነት ነው።

ያን ጊዜ ኮምፒዩተር መንካት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መምህሩ ጋሽ ዘውዴ። ደብረ ብርሃን ሦስት ሳምንት ሠልጥነዋል። እድሩ ተሰብስቦ «እንግዲያው የአገራችንን ታሪክ በዚህ ይጻፉልን» አላቸው። ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በየተራ እየመጡ፣ ድስት ገልብጠው እየተቀመጡ፣ የሚያውቁትን ሁሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ነገሯቸው። ጋሽ ዘውዴ መጽሐፉን እንዲጽፉ ተብሎ ድንኳን ከመትከል ነፃ ወጡ። ከመቃብር ቁፋሮም ነፃ ወጡ። ለመንገድ ሥራ ሰው ሲቆጠር «እሳቸው ይጽፋሉ» ተብሎ ይታለፋሉ። ከዚያ አንድ ቀን የቀድሞው ዳኛ «እስቲ ከመሐሉ ትንሽ አንብቡልን» አሏቸው። በዚያው ሳምንት ማሽኑ ተበላሸ። «መጽሐፉ አልቋል፤ ይሄ ዕቃ ነው ሆዱ ውስጥ የቆለፈበት» አሉ ጋሽ ዘውዴ። እነሆ ከሃያ ዓመት በላይ እንደ ቆለፈበት አለ። እሳቸውም ከቁፋሮ ነፃ እንደ ወጡ አሉ።

አሁን አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። መጽሐፍ አልነበረም። እኔ ይህን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ግን ከአሁኑ ብታውቁት የጋሽ ዘውዴን ፊት በደንብ ታዩታላችሁ። እኔ አላየሁትም። እኔ ሰው ለማስደሰት ስጣደፍ የሰው ፊት አላይም።

«የፊታችን እሑድ የእድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ነው» አሉኝ ዳኛው። «ከዚያ በኋላ ቤቱ ሊታደስ ጣሪያው ይነሳል፤ ዕቃው የት እንደሚጣል እንጃ። ከዚያ በፊት መጽሐፉን አውጪልንና መምህሩ ለሕዝቡ ያንብቡት። የነገሯቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሄደዋል። ልጆቻቸው ይስሙ።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ከአፌ የወጣው እሳቸው ሳይጨርሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን እድር ቤት ተገናኘን። ጋሽ ዘውዴ ኩታቸውን አፋቸው ድረስ አጣፍተው እያሳሉ መጡ።

«ልጄ፣ ድካምሽ ያሳዝነኛል» አሉኝ። «ይሄ ማሽን ሞቷል። ሬሳ ነው።»

«ሬሳ ከሆነማ ያለው እድር ቤት ነው፤ ደህና ቦታ ነው» አሉ ዳኛው። «በይ ልጄ፣ ነካ ነካ አድርጊው።»

አቧራውን ጠረግሁ፣ ገመዱን ሰካሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ ከውስጥ ጉር አለ፣ ጢጥ አለ፣ መስተዋቱ ላይ ነጫጭ ፊደላት ወረዱ። ዳኛው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው አማተቡ። «ተነፈሰ!» አሉ። ጋሽ ዘውዴ ቀስ ብለው አንድ ድስት ላይ ተቀመጡ። እኔ በደስታ ነው ብዬ ነበር።

ማሽኑ መጀመሪያ ቀኑን እንደ ረሳ ገለጸልን። ዝም ብለን እንዲቀጥል ፈቀድንለት። ከዚያ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ጥቁር መስተዋት ላይ አንዲት ትንሽ ሰረዝ ብቻ ቀረች። ትበራለች፣ ትጠፋለች፤ ትበራለች፣ ትጠፋለች።

«ይቺ ምንድን ናት የምትጠቅሰን?» አሉ ዳኛው።

«ትእዛዝ እየጠበቀች ነው አባባ።»

«በይ እዘዣታ!»

ምን ብዬ ልዘዛት? እኔ የማውቀው ስልክ ነው። ስልክ ላይ ሁሉም ነገር ሥዕል ነው፤ የፈለግሽውን በጣትሽ ትነኪያለሽ፣ ይከፈታል። እንደዚያው መስተዋቱን በጣቴ ነካሁት። የጣቴ አሻራ አቧራው ላይ ቀረ። ሰረዟ መጥቀሷን ቀጠለች። ችግሩ ምን እንደሆነ ግን ገብቶኛል። በድሮ ኮምፒዩተሮች ላይ ሥዕሉንና ክፍት ገጾቹን የሚያመጣው ዊንዶውስ የሚባለው ፕሮግራም ለብቻው ተጠርቶ ነው የሚነሳ፤ አልተጠራም። እንዴት እንደሚጠራ ነው የማላውቀው።

እዚህ ላይ ነው ስሕተት የሠራሁት። የኮርሱ መምህር «ለኅብረተሰቡ ስታስረዱ በባዕድ ቃል አታደናግሩት፤ በራሱ ቋንቋ አስረዱት» ብሎናል። ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ስለዚህ በጣም ተጠንቅቄ፣ በጥሩ አማርኛ እንዲህ አልኩ።

«አባባ፣ ችግሩ የመስኮት ነው። ይህ ዓይነቱ ማሽን መስኮት ካልተከፈተለት ከጨለማ አይወጣም። ሥዕሉም ጽሑፉም የሚታየው መስኮት ሲኖረው ነው።»

ዳኛው ቀስ ብለው ዞሩ። የምሥራቁን ግድግዳ አዩ። የሰሜኑን አዩ። አራቱንም አዩ። እድር ቤቱ አንድም መስኮት የለውም። በመንዝ ብርድ መስኮት የሚያወጣ ግንበኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ አገር ሰው ነው።

«እውነትሽን ነው» አሉ በሐዘን። «እንኳን ማሽን ሰውም እዚህ ውስጥ ዓይኑ ይጠፋል። መምህር፣ እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር?»

ጋሽ ዘውዴ የትኛውን መስኮት እንዳልኩ ያውቃሉ። ሦስት ሳምንት ሠልጥነዋል። እኔን አዩኝ፤ ዳኛውን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ዓይነት፣ «ዋናው ችግር እሱ ነው» አሉ። «ድሮም ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም። ግን ግድግዳው ወፍራም ነው። ጊዜ ይፈጃል። ለከርሞ ቢታሰብበት...»

«ምን ለከርሞ! ሽፈራው ምን ይሠራል?»

እኔ «ሽፈራው» የሚባል ሌላ የኮምፒዩተር ባለሙያ አለ ብዬ ተጽናንቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማክሰኞ ስመጣ አቶ ሽፈራው ግማሽ አካላቸው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ አገኘኋቸው። የሰፈሩ ግንበኛ ናቸው። ከወገባቸው በታች እድር ቤት ውስጥ ናቸው፤ ከወገባቸው በላይ መንገድ ላይ ናቸው። መሬት ላይ የወጡ ድንጋዮች ተደርድረዋል።

«ኢንጂነሯ መጣሽ?» አሉ ከወዲያ ማዶ። «እስቲ እይው፣ ስፋቱ ይበቃዋል?»

«ለምኑ?»

«ለኮምፒዩተሩ ነዋ! ይሄን ግድግዳ የሠራው አባቴ ነው፤ ለሌላ ነገር ቢሆን መዶሻ አላነሳበትም ነበር። ለመጽሐፉ ስለሆነ ነው። በየት በኩል ነው የሚያየው?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ድንጋዮቹን አየሁ፤ የአቶ ሽፈራውን ላብ አየሁ፤ ከበሩ ዳር ቆመው በኩራት የሚስቁትን ዳኛ አየሁ። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ወደ ቀኝ ትንሽ ቢሰፋ ጥሩ ነው» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወደ ቀኝ አሰፉት።

ረቡዕ ከጓሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ አዲስ ቤት እንደተከፈተለት አወቀ። ድስቶቹ ክዳናቸውን አንኳኩ። ዳኛው በርኖሳቸውን አውልቀው ለኮምፒዩተሩ አለበሱት፤ ከጥቁሩ ሱፍ ውስጥ መስተዋቱ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ሰረዟም ትጠቅሳለች።

«ይኸው መስኮት ተከፈተለት። አሁን ምን ቀረው?» አሉ እጃቸውን እያፋተጉ።

«መልመድ ይፈልጋል» አልኩ። እንግዲህ ውሸት ስትጀመር እንዲህ ነው የምትቀጥል።

«ይለምዳል፣ ይለምዳል» አሉ ጋሽ ዘውዴ። በዚያ ሳምንት እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አላየኋቸውም። «ከሃያ ዓመት በላይ ጨለማ ውስጥ የነበረ ነገር በአንድ ቀን አይለምድም። ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።»

ሐሙስ ዕለት ኔትወርክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ግማሽ ቀን ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ቆየሁ። በመጨረሻ እንደዚህ ያለ ዕቃ ሳይጥል ያኖረ አንድ የማላውቀው ሰው የጻፈውን አገኘሁ። ነገሩ ሦስት ፊደል ነበር። ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ አንድ ቁልፍ መጫን። ግድግዳ ማፍረስ የሚባል ነገር እዚያ ጽሑፍ ላይ የለም፤ ደግሜ አነበብኩት፣ የለም።

ዓርብ ጠዋት እድር ቤት ጋሽ ዘውዴና እኔ ብቻ ነበርን። ሦስቱን ፊደሎች ጽፌ ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ ወፍጮ እንደበዛበት ሰው አቃሰተ፤ ቆየ፤ ተስፋ ልቆርጥ ስል መስተዋቱ በራ። ነጭ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ክፈፍ፣ ክፈፉ ውስጥ ሌላ ክፈፍ፣ በየክፈፉ ውስጥ ጥቃቅን ሥዕሎች፣ ከየሥዕሉ ሥር ስም። እውነተኛው መስኮት ተከፈተ። በደስታ አጨበጨብኩ።

«ጋሼ! እንኳን ደስ አለዎት!»

ጋሽ ዘውዴ መርዶ እንደሰማ ሰው ቆመዋል።

ማውሱን ያዝኩ። አንቀሳቀስኩት፤ መስተዋቱ ላይ ያለችው ቀስት ንቅንቅ አላለችም። ገለበጥኩት። የድሮ ማውስ ሆዱ ውስጥ የሚሽከረከር ኳስ አለው፤ የዚህ ሆዱ ባዶ ነው።

«ኳሱ የለም!»

«አዬ!» አሉ ፈጠን ብለው። «ያለ እሱማ አይሆንም። በቃ ልጄ፣ አልሆነም ማለት ነው። የተቻለሽን አድርገሻል።»

በዚህ መሐል ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ቆሎ ይዘው ገቡ። «ሰውዬ» አሉ፣ «ኮትህን ላጥብ ብዬ ኪስህን ባራግፈው ይቺ እምቧይ የመሰለች ነገር ወደቀች። ከመቼ ወዲህ ነው ብይ የምትጫወተው?»

መዳፋቸው ላይ ያለችው ኳሷ ናት። እኔ እንዴት እዚያ ኪስ ውስጥ ተገኘች ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ነጥቄ መለስኳት። ቀስቷ ሮጠች። ሥዕሎቹን አየሁና መጀመሪያ ያገኘሁትን አንዱን ነካሁት። አረንጓዴ ሜዳ ተዘረጋ፤ ሜዳው ላይ የመጫወቻ ካርታዎች በሰልፍ ተደረደሩ።

«እ! ይሄ ነዋ!» አሉ እትዬ አስካለ። «ይሄን አውቀዋለሁ። ያኔ ቆሎ ሳመጣለት ሁልጊዜ ይሄን ነበር የሚጽፈው። ቀዩን ጥቁሩ ላይ፣ ጥቁሩን ቀዩ ላይ። መጽሐፉ ይሄ ነው አይደል?»

ነፋሱ ብቻ በአዲሱ መስኮት ገብቶ ድስት አንኳኳ።

«አስካለ፣ አንቺ ሂጂ» አሉ ጋሽ ዘውዴ ቀስ ብለው። እትዬ አስካለ እኔንም እሳቸውንም ትንሽ ካዩ በኋላ ቆሎውን አስቀምጠው ሄዱ።

ጋሽ ዘውዴ አጠገቤ ተቀመጡ። ካርታዎቹን እንጂ እኔን አያዩም።

«ልጄ፣ መጽሐፍ የለም።»

«እንዴት ጋሼ?»

«አንድ ገጽ አለ። ርእሱና የመጀመሪያው አንቀጽ። እየመጡ ይነግሩኝ ነበር። የሰማሁት ነገር ሆዴ ውስጥ ትልቅ ነው፤ ስጽፈው ያንሳል። አጠፋዋለሁ። እንደገና እጀምራለሁ፤ አጠፋዋለሁ። ወረቀት ቢሆን ቅዳጁ ይመሰክርልኝ ነበር፤ ይሄ ዕቃ ሲያጠፉበት ምልክት እንኳ አያስቀርም። አንድ ቀን ደክሞኝ ካርታውን ነካሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተጫወትኩ።» ማውሱን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ሲጠይቁኝ አልቋል አልኩ። ካልኩ በኋላ መመለሻ የለውም። መቃብር ሲቆፈር እኔ ዳር ቆሜ አያለሁ፤ 'ይጽፋሉ' ይላሉ። እሑድ ይህን ካወቁ በዚህ ሰፈር ቀና ብዬ የምሄድበት መንገድ የለኝም። ተበላሽቷል በያቸው። አንቺን ያምኑሻል።»

«እሺ» አልኩ።

ተመልከቱ እንግዲህ። ለዳኛው መጽሐፉን ላወጣ እሺ ብያለሁ፤ ለጋሽ ዘውዴ እንዳይወጣ እሺ ብያለሁ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ከአልጋ ሳልወርድ ዋልኩ። እናቴ «ኮምፒዩተሩ ነው የተጋባባት» ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድር ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ውስጥ ቦታ ያጡት በመስኮቱ በኩል ተደራርበው ያያሉ። ከሁሉ ፊት አቶ ሽፈራው ክርናቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈው እንደ ባለቤት ቆመዋል። ተበላሽቷል ለማለት የተዘጋጀሁት ነገር ገና ስገባ ከሸፈ፤ እትዬ አስካለ «በራ! በዓይኔ አየሁት፣ ቀይና ጥቁር ነው!» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረዋል። ጋሽ ዘውዴ ከፊት፣ ለእሳቸው በተዘጋጀው ወንበር ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ ነው።

«ልጃችን፣ ክፈቺው» አሉ ዳኛው።

ከፈትኩት። ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጌ ጎኑ አስቀመጥኩ፤ ዳኛው አስቀድመው ያዘዙኝ ነው። ሥዕሎቹ ሲወጡ ሕዝቡ እልል አለ። የጋሽ ዘውዴ ጽሑፍ ያለበትን ፈልጌ ነካሁት። አንድ ገጽ ተዘረጋ። ገጹ ላይ ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ባርኔጣ የደፉ የፈረንጅ ፊደላት፣ የጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ሳጥን፣ የተገለበጠ ነገር፤ ሁሉም ተዘበራርቆ ተረጭቷል። የአማርኛውን ፊደል የሚያሳየው ፕሮግራም በእነዚያ ዓመታት ጠፍቶ ኖሯል።

ልቤ ሳቀ። መዋሸት አያስፈልገኝም ማለት ነው! ተነስቼ በእውነት እውነቱን ተናገርኩ።

«የአማርኛው ፊደል ጠፍቷል። የተጻፈው ምን እንደሆነ ማንም ሊያነበው አይችልም።»

ጋሽ ዘውዴ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። ዳኑ። ማሽኑ ራሱ መሰከረላቸው።

ዳኛው ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ ከመስኮቱ በኩል የአቶ ሽፈራው ድምፅ መጣ።

«የአባቴስ ነገር?»

ክርናቸውን ከመስኮቱ ደፍ አነሱ።

«አባቴ መጥቶ ነግሯቸዋል። ይሄን ግድግዳ እንዴት እንደሠሩት፣ ድንጋዩን ከየት እንዳመጡት። እኔ ያን ጊዜ ሥራ ፍለጋ አገር ለቅቄ ነበር። ስመለስ በሕይወት አልደረስኩበትም። መጽሐፉ ላይ አለ እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«የእናቴም አለ» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ሌላ ሰው ደግሞ የአያቱን ስም ጠራ። የተናደደ የለም፤ የጮኸ የለም። እየተነሱ ስም ይጠራሉ፣ ይቀመጣሉ።

ጋሽ ዘውዴ ጎንበስ ብለው ሰሙ። ከዚያ ተነሱ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ በኩታቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ወንበራቸውን ስበው ማሽኑ ፊት ተቀመጡ።

«ጠፋ ያለው ማነው?» አሉ። «እኔ የጻፍኩትን እኔ አነበዋለሁ።»

ለአፍታ እኔን አዩኝ። አፌን ዘጋሁ። እሳቸውም ያንን ባርኔጣ የደፋ ዝብርቅርቅ እያዩ ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ ይደነቃቀፉ ነበር። ወደ አቶ ሽፈራው አባት ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ተከፈተ። ድንጋዩ ከየትኛው ገደል እንደ ወጣ፣ ማን ማን እንደ ተሸከመ አነበቡ። አባትየው ከአጋዣቸው ጋር ተኳርፈው አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይነጋገሩ መገንባታቸውን አነበቡ። መዶሻ ሲፈልጉ የሚያናግሩት ድንጋዩን ነው፤ «አንተ ድንጋይ፣ ያን እልኸኛ መዶሻውን አቀብለው በልልኝ» ይላሉ። አጋዥየውም «አንተ ድንጋይ፣ ራሱ መጥቶ ይውሰድ በልልኝ» ይመልሳሉ።

«እሱ ነው!» አሉ አቶ ሽፈራው የመስኮቱን ደፍ በመዳፋቸው እየመቱ። ይስቃሉ፣ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «አባቴ ነው! ቁርጥ እሱ ነው!»

«ገጽ ቀይሪ» አሉኝ ጋሽ ዘውዴ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ያለው አንድ ገጽ ነው፤ ያው ዝብርቅርቅ ብልጭ ብሎ ተመለሰ። እሳቸው ግን ቀጠሉ። የሴትዮዋን እናት አነበቡ። የሰውዬውን አያት አነበቡ። ስም የተጠራለት ሁሉ በየተራው ወጣ፤ የተናገረው ቃል፣ ሲናገር የሚያደርገው የእጁ ነገር ሳይቀር። «ገጽ ቀይሪ» ባሉኝ ቁጥር እጫናለሁ። ሕዝቡ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ «ይበሉ» ይላል። የምሳ ሰዓት አለፈ፤ ለምሳ የተነሳ የለም።

አንዲት ሙሽራ በክረምት ወንዝ ስትሻገር በቅሎዋ መሐል ውሃ ላይ አልሄድም ብላ የቆመችበት ቦታ ላይ እንዳሉ፣ መብራት ሄደ። ማሽኑ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። መስተዋቱ ጥቁር ሆነ።

እጄ ቁልፉ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ጋሽ ዘውዴ ግን ከመስተዋቱ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ምናልባት አላዩትም፤ ምናልባት ካዩት ቆይተዋል። ሙሽራዋን አሻገሯት። በቅሎዋን አሻገሩ። በወዲያኛው ዳር የሚጠብቁትን ሚዜዎች አንድ በአንድ በስማቸው ጠሩ። ከዚያ አረፍ አሉ።

ወደ ሕዝቡ ዞር አልኩ። አምፖሉን ያየ ሰው የለም። የተንቀሳቀሰ የለም። ሁሉም ጋሽ ዘውዴን ያያል።

ዳኛው ከኋላዬ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ።

«ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ገጹን ቀይሪላቸው እንጂ።»

ቁልፉን ተጫንኩ።